ኪሎዋቱ ስለገጠመ ብቻ ሞተር አይገዛም

ሰሞኑን የአንድ ማዕድን ማውጫ የሞተር ግዥ ውሳኔ እጄ ገባ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ችግሩ የአንድ ድርጅት ብቻ ስላልሆነ መጥራቱም አይጠቅምም። የሚገዙት ለድንጋይ መሰባበሪያ ክራሸር፣ ለማጓጓዣ ኮንቬየር፣ ለፓምፕና ለማናፈሻ የሚሆኑ ሞተሮች ናቸው። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ለእያንዳንዱ ሞተር የተጻፈው ኪሎዋት፣ ቮልቴጅና የዙር ፍጥነት ነው። ሌላ ምንም የለም። አሸናፊው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሆነ። አንድ ወጣት ኢንጂነር ጥያቄ ሲያነሳ የተሰጠው መልስ፣ ኪሎዋቱ እስከገጠመ ድረስ ሞተር ያው ሞተር ነው የሚል ነበር።

አይደለም። ሞተር ያው ሞተር አይደለም። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው እንኳ ይህንን ያውቃል። ዲናሞ ሲገዛ የማንን እንደሚገዛ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያሠራው፣ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ጎረቤቱን ይጠይቃል። በሚሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀስ ማዕድን ማውጫ ከወፍጮ ቤት ያነሰ ጥያቄ ጠይቆ ይገዛል ማለት ነው።

ለውሳኔው ከቀረቡት ምክንያቶች ሁሉ ያበሳጨኝ የመብራቱ ነው። እኛ አገር መብራት ርካሽ ነው፣ ሕዳሴም ተመርቋል፣ ስለዚህ ብቃቱ ከፍ ያለ ሞተር መግዛት የአውሮፓውያን ቅንጦት ነው ይሉናል።

ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ያ ግድብ የተሠራው ከአስተማሪ፣ ከወታደርና ከጥበቃ ሠራተኛ ደሞዝ እየተቆረጠ በተገዛ ቦንድ ጭምር ነው። ያ ሁሉ መዋጮ በማይረባ ሞተር ውስጥ ሙቀት ሆኖ እንዲባክን አልነበረም። ርካሽ የሚባለው መብራትም ቢሆን ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። ዛሬ የሚገዛው ሞተር 15 ዓመት ይሠራል ተብሎ ነው የሚገዛው። በዛሬ ታሪፍ የ15 ዓመት ሒሳብ የሚሠራ ሰው ምን ዓይነት ሒሳብ እየሠራ ነው?

እስቲ ቁጥሩን እንየው። አንድ ባለ 75 ኪሎዋት፣ 4 ፖል ሞተር እንውሰድ። የሞተር ብቃት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢ ይባላል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብቃቱም ይጨምራል። አይኢ 1 የሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ ብቃቱ 92.7 በመቶ ነው። አይኢ 3 ከሆነ 95 በመቶ። ልዩነቱ 2.3 ነጥብ ብቻ ስለሆነ የግዥ ኮሚቴው ንቆ ያልፈዋል። ማዕድን ማውጫ ግን ቀንና ሌሊት ነው የሚሠራው። ሞተሩ በሙሉ ጭነት በዓመት 8,000 ሰዓት ቢሠራ፣ ልዩነቱ ከ15,600 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህ የአንድ ሞተር የአንድ ዓመት ብክነት ነው። መስመር ያልደረሰበት ጣቢያ በጄኔሬተር ሲሠራ ደግሞ ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይገኛል። ስለዚህ ብክነቱ በዓመት ከ4,400 ሊትር በላይ ናፍጣ ነው። ያንን ናፍጣ በቦቴ ጭኖ በጠጠር መንገድ ጣቢያው ድረስ ማድረስም አለ። በ15 ዓመት ውስጥ የሞተሩ የግዥ ዋጋ ከበላው ኃይል ጋር ሲነጻጸር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ጨረታው የተወዳደረው በዚያች ጥቂት በመቶ ላይ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ75 እስከ 200 ኪሎዋት ያሉ አብዛኞቹን ሞተሮች ከአይኢ 4 በታች ገበያው ላይ እንዳይቀርቡ ከልክሏል። አይኢ 1 እዚያ ከተከለከለማ ቆይቷል። የተከለከለው ዕቃ ታዲያ የት ይሄዳል? ስፔሲፊኬሽኑ ላይ የብቃት ደረጃ ያልጻፈ ገዢ ጋ ነው የሚሄደው። እኛ ጋ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከሚቀጥለው ጉዳይ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። እውነተኛው ጉዳይ ሞተሩ የት ነው የሚቆመው የሚለው ነው።

የሞተር ኔምፕሌት (ገላው ላይ የተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ) ላይ የተጻፈው ኪሎዋት ቅድመ ሁኔታ አለው። የዓለም አቀፉ መስፈርት መነሻ የከባቢው ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር እንዳይበልጥ ነው። ከዚያ ውጭ የተለየ ነገር ካልተጻፈ፣ የተጻፈው ኪሎዋት ለዚያ ቦታ ብቻ ነው የሚሠራው። አሁን የአገራችንን ካርታ እንዘርጋ። የወርቅ አገር የሆነው ጉጂ፣ ለገ ደምቢና ሻኪሶ ያሉበት፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የፖታሽ አገር የሆነው ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ነው። እዚያ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ብቻ ከ34 ዲግሪ ይበልጣል። 40 ማለፉ እዚያ ወሬ አይደለም። አንዱ በከፍታ ከመስፈርቱ ይወጣል፤ ሌላው በሙቀት። ጨው ያለበት አየር ብረቱን ሲበላው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ታዲያ አንድ ዓይነት ስፔሲፊኬሽን ለሁለቱም ቦታ እንዴት ይሆናል?

ከፍታ ለምን ያስቸግራል? ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ መሄድ አይችልም። በመስፈርቱ መሠረት ኤፍ ክላስ ኢንሱሌሽን (የሽቦው መሸፈኛ ሙቀት የመቋቋም ደረጃ) ያለው ሞተር 2,000 ሜትር ላይ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው የከባቢው ሙቀት ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ ነው። 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 19 ዲግሪ። ደጋ ቀዝቃዛ ነው፣ ችግር የለውም የሚል መልስ እዚህ ላይ ይመጣል። ደጋው ቀዝቃዛ ነው። ሞተሩ ግን ደጅ አይደለም የሚቆመው። ቆርቆሮ የለበሰ ሚል ቤት፣ ማለትም ማዕድን መፍጫ ቤት፣ ውስጥ ነው። ጎኑ ሌላ ሞተር፣ ከኋላው የሚግል ማርሽ ሳጥን አለ። ከላይ የቀትር ፀሐይ ቆርቆሮውን ያጋየዋል። ደጁ 26 ዲግሪ ሲሆን እዚያ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ሰው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። እኔ ገብቼ አውቀዋለሁ። የሚቲዎሮሎጂ ቁጥር ይዞ ሞተር የሚመርጥ ሰው ግን ገብቶ አያውቅም።

በዚያ ላይ አቧራ አለ። የማዕድን አቧራ ሞተሩ ገላ ላይ ባሉት ክንፎች መካከል ገብቶ ይጋገራል። ዝናብ ሲነካው እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ማራገቢያው ቢሽከረከርም አየሩ ሙቀት አይወስድም። አይፒ 55 (አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ) ነው ሲባል ሰው ይረካል። አይፒ 55 አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት አይደለም፤ ሥራ እስኪያበላሽ ድረስ አይገባም ማለት ነው። ጨርሶ እንዳይገባ ከተፈለገ የመጀመሪያው ቁጥር 6 መሆን አለበት። ክራሸር ሥር ለሚቆም ሞተር ይህ ቅንጦት አይደለም።

የሙቀቱ ነገር ለምን ይህን ያህል ያንገበግበኛል? በሙያችን የታወቀ ሕግ አለ። የጥቅልሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኢንሱሌሽኑ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ሩብ ይቀራል። 15 ዓመት ይሠራል ብለህ የገዛኸው ሞተር አራት ዓመት ሳይሞላው ይነዳል። ሲነድ ኮሚቴው የለም። የሚጠየቀው የሌሊት ፈረቃ ኤሌክትሪሺያን ነው። ምን ነክተህ ነው ይባላል። ያልነካውን ነገር ያስረዳል። ይህ ግፍ ነው።

አንድ ያየሁትን ልናገር። ከዓመታት በፊት አብሬው የሠራሁት አንድ ጣቢያ ባለ 45 ኪሎዋት የኮንቬየር ሞተር ነበረው። ኪሎዋቱ ልክ ነበር። ማንም ቢያሰላው ልክ ነው። ሞተሩ ግን ሦስት ጊዜ ነደደ። ምክንያቱ አነሳሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮንቬየሩ ድንጋይ እንደተሸከመ ይቆማል። መብራት ሲመጣ ያንን ሁሉ ተሸክሞ መነሳት አለበት። ስታርተሩ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው መሣሪያ፣ ስታር ዴልታ የሚባለው ዓይነት ነበር። ስታር ዴልታ መነሻ ላይ የሚሰጠው የመጠምዘዝ ጉልበት በቀጥታ ሲነሳ ከሚሰጠው ሲሶው ብቻ ነው። ኬብሉም ረጅም ነበር። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፤ በ20 በመቶ ሲወርድ ወደ 64። ሞተሩ ያጓራል፣ አይዞርም። ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው ሪሌ ይቆርጠዋል። በመጨረሻ አንድ ሰው ሪሌው እንዳይቆርጥ ቁጥሩን ከፍ አደረገው። ከዚያ ሞተሩ ነደደ።

ሌሊት በባትሪ መብራት ሠራተኞች ቺንጊያው ላይ ወጥተው ድንጋዩን በአካፋ ሲያወርዱ ትዝ ይለኛል። ሞተሩ አዲስ አበባ ሄዶ ሪዋይንድ ሆኖ (ሽቦው እንደገና ተጠቅልሎ) እስኪመለስ ቀናት አለፉ። ጎበዝ ባለሙያ ሞተርን ሲጠቀልል እንደነበረ ይመልሰዋል። አሮጌውን ሽቦ ለማውጣት ያለልክ የተቃጠለ ኮር (ሽቦው የተጠቀለለበት ብረት) ግን ብቃቱ ይወርዳል፣ ይበልጥም ይሞቃል። ለዚያ ቦታ የሚሆነው ዲዛይን ኤች የሚባለው፣ መነሻ ላይ ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ሞተር፣ ወይም በድራይቭ (ፍጥነቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚነሳ ነበር። ግዥው ላይ አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ ያ ሁሉ ሌሊት አይኖርም ነበር። ቦል ሚል (ማዕድን የሚፈጭ፣ በብረት ኳስ የተሞላ ከበሮ) ሲሆን ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ብዙ ቦታ ባለ ስሊፕ ሪንግ ሞተር የሚመረጠው ያንን ከባድ ከበሮ ኔትወርኩን ሳያንገጫግጭ ለማስነሳት ነው። እሱን በኪሎዋትና በዋጋ ብቻ አወዳድር የሚል ሰው ሚል ሲነሳ ቆሞ አላየም።

ስለ ድራይቭም አንድ ነገር ልበል። የምድር ውስጥ ማናፈሻ ፋን ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከጉድጓድ ውሃ ለሚያወጣ ፓምፕ ግን ይህን ያህል ተስፋ አይደረግም፤ ውሃው የሚወጣበት ከፍታ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ድራይቭ ሲገባ ሞተሩም ለድራይቭ የሚሆን መሆን አለበት። አለዚያ በሻፍቱ (በመሽከርከሪያ ዘንጉ) የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት ኩሽኔታውን ይበላዋል። ሻጩ ይህንን ካልጠየቅከው አይነግርህም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። በቀን አንድ ሰዓት ለሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አይኢ 4 ግዙ አልልም፤ ገንዘቡ አይመለስም። ከዚህ በላይ ግን የምሰጠው የለኝም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ የሚለውን ክርክርም አልቀበልም። ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ እያንዳንዱ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታይ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም አይተናል። ምንዛሪ እጥረት ያለበት አገር አንድን ሞተር ሦስት ጊዜ መግዛት የለበትም። እጥረቱ በርካሹ ለመግዛት ሳይሆን አንዴ በትክክል ለመግዛት ነው ምክንያት የሚሆነው።

እስከማውቀው ድረስ ውሉ ገና አልተፈረመም። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ አንድ ገጽ ለመጨመር ጊዜ አለ። የጣቢያው ከፍታ ይጻፍ። ሲነሳ ያለው ጭነትና በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ይጻፍ። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከሰብስቴሽኑ ተገልብጦ ሳይሆን እዚያው ተለክቶ ይግባ። የብቃት ደረጃው ይጠቀስ፣ ጨረታውም የኃይል ወጪውን አካትቶ እንደገና ይሰላ። ለሙቀቱ ደግሞ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ሚል ቤቱ ውስጥ፣ ሞተሩ የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ ለአንድ ሳምንት ስቀሉት። ቀትር ላይ ገብቶ የሚያነበውም ያ ጥያቄ ያነሳው ወጣት ኢንጂነር ይሁን።