የዳኛዋ ቤት የት ነው?

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዛ አበሻ ዋጋውን መደበቅ አይችልም። የስቴቱ የንብረት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ነው። አድራሻውን ታስገባለህ፤ የባለቤቱ ስም፣ የተገዛበት ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ ቁጭ ይልልሃል። ለቤት ምርቃት ተጠርቶ፣ ድፎው ሳይቆረስ ስልኩን አውጥቶ ዋጋውን ያየ ሰው አውቃለሁ። «ተወዶበታል» ብሎ ሹክ አለኝ። እኛ ለሐሜት ነው የምንጠቀምበት። ለሌላ ነገር የሚጠቀምበትም አለ።

ኤስተር ሳላስ ኒው ጀርሲ ውስጥ የፌዴራል ዳኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2020፣ እሑድ፣ ምድር ቤት ውስጥ ከልጃቸው ከዳንኤል ጋር እያወጉ ነበር። ልጁ 20 ዓመት ስለሞላው ቅዳሜና እሑዱን ልደቱን ሲያከብሩለት ነው የሰነበቱት። አንድ ልጃቸው ነው። እዚሁ እኛ ጋ፣ ዋሽንግተን፣ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። እማዬ፣ ጨዋታችንን አናቁም፣ ካንቺ ጋር ማውራት ደስ ይለኛል እያላቸው ሳለ የበሩ ደወል ጮኸ። ልጁ ሮጦ ወጣ። የፌዴክስ ሠራተኛ መስሎ የመጣው ሰው ጠበቃ ነበር። እሳቸው ችሎት የቀረበ ጉዳይ ነበረው። ዳንኤልን ገደለው፣ አባቱን ክፉኛ አቆሰለው፣ በኋላ ራሱን አጠፋ።

እናትየው ከሐዘናቸው ቀና ሲሉ የተናገሩት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አይወጣም። ሰውየው የት እንደሚኖሩ ያውቃል፣ በየት በኩል ሥራ እንደሚሄዱ ያውቃል፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለሙ ያውቃል። ስለ ቤተሰቡ ሙሉ ፋይል አደራጅቶ ነበር። ለዚህ ሰላይ መቅጠር አያስፈልግም። እዚህ አገር ዳታ ብሮከር የሚባሉ ኩባንያዎች አሉ፤ የሰው መረጃ ከየመዝገቡ ለቅመው ይሸጣሉ። ስም ብቻ ስጣቸው፤ አድራሻ፣ ስልክ፣ የዘመድ ስም ያወጡልሃል። ለምን ፈለግከው ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ካርድህ ከሠራ በቃ።

ሕጉ የመጣው ከቀብር በኋላ ነው። ኒው ጀርሲ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በልጁ ስም ሕግ አወጣች። የፌዴራሉ ደግሞ በዲሴምበር 2022 ጸደቀ፤ እሱም በዳንኤል ስም ነው የሚጠራው። ብሮከሮች የፌዴራል ዳኞችንና የቤተሰቦቻቸውን መረጃ እንዳይሸጡ ይከለክላል። ዳኛው በጽሑፍ ከጠየቀ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ከድረ ገጽ መውረድ አለበት። የቤት አድራሻ፣ የመኪና ታርጋ፣ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሳይቀር።

ግን ይሄ የፌዴራል ዳኛን ነው የሚጠብቀው። በኦክቶበር 2023 ሄገርስታውን ውስጥ፣ ከኛ ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት ምናምን ቢሆን ነው፣ አንድሩ ዊልኪንሰን የሚባሉ የካውንቲው ዳኛ ደጃፋቸው ላይ ተገደሉ። ገዳዩ በዚያው ቀን በፍቺ ጉዳይ የልጆቹን አሳዳጊነት የተነፈገ አባት ነበር። ሜሪላንድም በ2024 በእሳቸው ስም የራሷን ሕግ አወጣች። እዚህ አገር ሕግ የሟች ስም ካልያዘ አይወጣም እንዴ ያሰኛል።

ከሁሉ የዘገነነኝ ግን የፒዛው ነገር ነው። በ2025 ብዙ ዳኞች ቤት፣ የልጆቻቸውም ቤት ሳይቀር፣ ማንም ያላዘዘው ፒዛ ይመጣ ጀመር። አንዳንዱ ያዘዘው ሰው ስም «ዳንኤል አንደርል» ይላል። የሞተው ልጅ። ቤታችሁን እናውቀዋለን ማለት ነው፤ እናውቀዋለን፣ እንደሱም እናደርጋችኋለን።

ሕጉ ጥያቄ አያጣም። የኒው ጀርሲው ሕግ ከዳኞች ሌላ ዐቃቤ ሕጎችንና ፖሊሶችንም ይሸፍናል። አንድ ጋዜጠኛ የኒው ብራንስዊክ ከተማ የፖሊስ ዳይሬክተር ከሁለት ሰዓት በላይ በሚያስነዳ ሌላ ከተማ እንደሚኖሩ ደረሰበት። ሊያወጣው ሲል በዚሁ ሕግ አስጠነቀቁት። ክርክሩ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2025 ጋዜጠኛው ተረታ። የከተማውን ስም መጻፍ ይችላል፤ የቤቱን ቁጥር ግን አይችልም። እኔ ፍርዱ ይጥመኛል። ሕዝብ ማወቅ ያለበት ሹሙ እዚህ አለመኖሩን ነው እንጂ የበሩን ቀለም አይደለም። ብቻ ሹም ሁሉ በዚህ ጃንጥላ ሥር እንዳይገባ መጠርጠር ነው።

አገር ቤትስ? አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቁጥር ይዘህ ቤት አታገኝም። ሰው ነው የምትጠይቀው። «የዳኛዋ ቤት የት ነው?» ብትል የሱቁ ልጅ ያውቃል፣ ሊስትሮው ያውቃል፣ የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ያውቃል። ግን ከመጠቆሙ በፊት ከላይ እስከታች ያይሃል። «ምን ፈልገህ ነው? ዘመድ ነህ?» ይልሃል። ማታ ደግሞ ለእሷ ይነግራታል፤ አንድ ሰው ሲጠይቅ ነበር ብሎ። የአሜሪካው ብሮከር ይህን አያደርግም።

የኛ ችግር ሌላ ነው። ክስ የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዳኛው ማነው? ሰው አለህ?» ተብሎ ነው። ከዚያ ፍለጋ ይጀመራል። የማን ልጅ ነው? ባለቤቱ የት ትሠራለች? ክርስትና ያነሳው ማነው? የዳኛው ቤት ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚሄደው አማላጅ ነው፤ አንዳንዴም ፖስታ። ጥይት አይደለም፣ እሱስ ልክ ነው። ግን እምቢ ያለ ዳኛ ሚስቱም፣ እናቱም በየለቅሶው ላይ ሲወቀሱ ይኖራሉ።

አሁን ደግሞ የሱቁ ልጅ ቦታ በቴሌግራም ተተክቷል። ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ «ሼር አድርጉት»። ከዚህ ከአሜሪካ ሆኖ በቲክቶክ ላይቭ የማያውቀውን ዳኛ ሰፈር እየጠራ የሚዝት ወገንም አይጠፋም። አገሪቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ማስፈጸሙም ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ጥሩ ነው። ግን አዋጅ በቡና ላይ ወሬ አይደርስም።

ለዚህ ደግሞ እኛም ዲያስፖራዎቹ አለንበት። ባለፈው ታላቅ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። የመሬት ክርክር አለበት።

«ስማ፣ የዳኛዋ ታናሽ እህት እናንተ ጋ ናት አሉ። እስቲ ቤተ ክርስቲያን አጠያይቅልኝ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ምንም አይደል፣ ሰላም ልበላት ብዬ ነው።»

ይሄማ አይሆንም አልኩት። «አይ አንተ! ፈረንጅ ሆነህ ቀረህ!» ብሎ ዘጋብኝ።

በሳምንቱ ራሱ ደወለ። አግኝቷታል። የምትሠራበትን ፋርማሲ ነገረኝ፤ ልጆቿ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ነገረኝ።

«እንዴት አገኘሃት?» አልኩት።

«ምን ችግር አለው፣» አለኝ፤ «ሁለት ቦታ ነው የደወልኩት።»