ያላከበርነውን ክልከላ አልሠራም አትበሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይላችሁም። እንደ ልጃችሁ፣ እንደ ወንድማችሁ ቆጥራችሁ ስሙኝ።

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ወሬው ወደ ኮሮና ጊዜ ዞረ። አንድ የማከብራቸው ሰው «ያ ሁሉ ክልከላ ምን ፈየደ? ታሪፍ እጥፍ አደረጉብን፣ ልጆቻችንን ከትምህርት አስቀሩብን፣ በሽታው እንደሆነ ከመምጣት አልቀረም» አሉ። ድንኳኑ ሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነቀነቅሁት በውሸት ነበር።

የቱ ክልከላ ነው ያልሠራው? ያደረግነው ወይስ ያላደረግነው?

አንድ ቀን ላስታውሳችሁ። ሰኔ 2012 ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ። መኪና ግማሽ ሰው ብቻ ይጫን፣ ታሪፉ እጥፍ ይሁን ተብሏል። እጥፉን ከፈልን። ሉማሜ ስንደርስ ግን ረዳቱ መንገድ ላይ የቆመውን ሁሉ መጫን ጀመረ። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራት ሆንን። አንድም ሰው አልተቃወመም። ደጀን ስንቃረብ መኪናው ቆመና ትርፎቹ ወረዱ። ኬላውን በእግራቸው አልፈው ማዶ እንዲጠብቁን ተነገራቸው። ከዚያ ረዳቱ ወደ እኛ ዞሮ «ማስክ! ማስክ! ኬላ ደረስን!» አለ። እጅ ሁሉ ወደ ኪስ ገባ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ማስክ አልነበራቸውም፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ከፊቴ የነበረው ወጣት ጠርዙ የጠቆረ ማስክ ከሱሪው ኪስ አውጥቶ አጠለቀ። ፖሊሱ በመስኮት አየን፤ በእጁ እለፉ አለ። ሃምሳ ሜትር ሳንሄድ ማስኩ ሁሉ አገጭ ላይ ወርዶ ነበር። መናኸሪያ ስንደርስ ደግሞ ያ ወጣት ማስኩን አውልቆ ለጓደኛው ሰጠው። በሩ ላይ ጠባቂ ነበራ! ጓደኛው እንደሞቀ ተቀብሎ አደረገው።

ማስኩ ለኬላ ነበር። ለበሽታው ማን አደረገ?

ከመነሻው እንዲህ አልነበርንም፤ ይህን ማለት አለብኝ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ አዲስ አበባ ላይ ሲገኝ ሁላችንም ደንግጠን ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወሩ ሳያልቅ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተከለከለባቸው። መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት የምንሰማው ስለ ኮሮና ነበር። ወጣቶቻችን ከኪሳቸው አዋጥተው በየመናኸሪያው በር ሮቶ አቆሙ፣ ሳሙና በገመድ አንጠለጠሉ። የዚያን ዓመት ፋሲካ ብዙዎቻችን ቅዳሴውን ቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን ተከታተልን። ለጎጃም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አደረግነው።

ግንቦት ላይ ሮቶው ደረቀ። ሳሙናው አልቆ ገመዱ ብቻ ቀረ። በቴሌቪዥን ቁጥር ይነገራል፤ እኛ ሰፈር የሞተ የለም። «የአዲስ አበባ በሽታ ነው» አልን። «ጉንፋን ነው፣ እኛን ጠላና ፌጦ ያሳደገን ሰዎች አይነካንም» አልን። ጥንቃቄ ሲሠራ የሚታይ ነገር የለውም። ላልሞተ ሰው ድንኳን አይጣልለትም። እኛ ግን ድንኳን ስላልተጣለ በሽታው የለም ብለን ደመደምን።

በሽታው በነሐሴ 2012 በረታ። ከዚያ የባሰው ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 መጣ። ያኔ አዋጁ ካበቃ ወራት አልፈዋል። ማስክ ለኬላም አይወጣም ነበር። ሠርጉ ሠርግ፣ ተዝካሩ ተዝካር፣ ገበያው ገበያ ሆኖ ነበር። ታዲያ የዚያን ጊዜ የሞቱትን ክልከላው አላዳናቸውም ብሎ መክሰስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ክልከላውን እኮ ያከበረው አልነበረም!

አጎቴ ያኔ ነው የሞቱት። ይህን ጉዳይ በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ጎረቤታቸው አርፈው ለቅሶ ደረሱ። ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጡም፤ የእድር ዳኛ ስለነበሩ ሰውን የሚያስተናግዱት እሳቸው ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ያዛቸው። ዳማ ከሴ ተጨመቀላቸው፣ ፌጦ በሎሚ ተበጠበጠላቸው። ሳሉ እየባሰ ሄደ። እኔ ስደርስ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ይተነፍሱ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ወደ ኮሮናው ጥሪ ማዕከል ወደ 8335 ልደውል ስል አክስቴ እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ ኮሮና ነው ብለው ይወስዱብኛል። ሰው ቤታችንን ይሸሻል» አሉኝ። እኔም ዝም አልሁ። ሁለት ቀን ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ከንፈራቸው ሲጠቁር ነው ሆስፒታል ይዘናቸው የሄድነው። ኦክስጅን ያለው አልጋ ሁሉ ተይዟል ተባልን። ወንበር ላይ ተቀምጠው ከአፍንጫቸው ናሙና ተወሰደ። ሌሊቱን አረፉ።

ምን ገደላቸው ሲባል «ምች መታቸው» ተባለ። ድንኳን ተጣለ። ከፍኖተ ሰላም፣ ከደምበጫ፣ ከአማኑኤል ሰው መጣ። ተቃቅፈን አለቀስን። በቀብሩ ማግሥት ስልኬ ጮኸና ውጤቱ ተነገረኝ። ኮሮና ነው። ስልኩን ዘግቼ ወደ ድንኳኑ ተመልሼ ገባሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ስንቱ ከዚያ ድንኳን ይዞት እንደሄደ እግዚአብሔር ይወቀው።

እንግዲህ እንደዚህ የደበቅን ስንት ነን? በአገራችን የተመዘገበው ወደ 500 ሺህ ሕመምተኛና ከ7 ሺህ 500 በላይ ሟች ነው። ይህ የተመረመረው ብቻ ነው። በአዲስ አበባና በጅማ በሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረገ የደም ምርመራ፣ እስከ የካቲት 2013 ድረስ ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው ነክቷቸው ተገኝቷል።  በሽታው በመካከላችን እንደ ልቡ ይመላለስ ነበር ማለት ነው። እኛን ያተረፈን አብዛኛው ሕዝባችን ወጣት መሆኑ ነው። ሽማግሌዎቻችን ግን ወጣት አልነበሩም። ሲሞቱ «ምች ነው»፣ «ዕድሜ ነው»፣ «ብርድ ነው» ብለን ቀበርናቸው። ከዚያ ተመልሰን «በሽታው ማንን ገደለ?» እንላለን። ይህ ነውር ነው፣ ወገኖቼ። ለሟቾቻችንም ነውር ነው።

የተናደደ ሰው የተናደደው በከንቱ ነው አልልም። ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ቤቷን ዝጊ ስትባል ምን ትብላ? መናኸሪያ ሸክም የሚያወርድ ልጅ ቤት ሆኖ ምን ይጉረስ? ክልከላው ሲወጣ ስለ እነዚህ ያሰበ ጥቂት ነበር። ሠርግ የከለከለ ባለሥልጣን በማግሥቱ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ሲያወያይ አይተናል። ሜዳ ሙሉ ሰልፍ ሲጠራ አይተናል። ሰው በዓይኑ ያየውን እያስተባበሉ ስማኝ ማለት አይቻልም። ትምህርት ቤትማ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መዘጋቱ፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። በቴሌቪዥን ተማሩ ተባለ። መብራት የሌለበት ቀበሌ ያለ ልጅ በምን ይማር? የእኛ ሰፈር ልጆች ከብት ጥበቃ ገብተው የቀሩ አሉ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ለባል የተሰጠች አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የእሷ ወንበር ባዶ ነበር። ይህን የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው። እኔም አብሬ እጠይቃለሁ።

ግን ተጎዳን ማለት ሌላ፣ አልሠራም ማለት ሌላ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉብኝ። የ14 ቀኑ ዝግ በሽታው ገና በጣት ሲቆጠር የተደረገ ነው፤ ሐኪም ቤቶች መዘጋጃ ጊዜ አግኝተውበታል። እጅ መታጠቡም በታጠብንባቸው ሳምንታት ጠቅሞናል። ግማሽ ጭነቱ ግን ሠራ አልሠራም ሊባል አይችልም፤ አልተሞከረም። እጥፉን ታሪፍ ባለመኪናው ወሰደ፣ ትርፍ ሰውም ጫነ፣ እኛም አብረን ዋሸን። የሕመምተኛ ዜና በተሰማ ማግሥት የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሰማይ ያወጣው ነጋዴስ? መንግሥት ነው እሱን ያዘዘው? የእኛው ጎረቤት፣ የእኛው ማኅበርተኛ ነው።

ነገሩን ሁሉ በእኛና በመንግሥት መካከል ያለ ጉዳይ አደረግነው። ፖሊስ ሲያይ ተጠነቀቅን፣ ፖሊስ ዞር ሲል ተቃቀፍን። ያሸነፍነው ፖሊሱን መሰለን። ቫይረሱ ግን ኬላ ላይ አልነበረም፤ ሚኒባሱ ውስጥ አራተኛ ሆኖ ከጎናችን ተቀምጦ ነበር።

አያቶቻችን በዚህ ይበልጡናል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ የመጣ ጊዜ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። ክትባት የለም፣ ኦክስጅን የለም። ያም ሆኖ ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ኅዳር 12 ሲመጣ በየደጃችን ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን። ማንም ፖሊስ አያዘንም። ኅዳር ሲታጠን እያልን ለልጆቻችን እንነግራለን። እነሱ የደረሰባቸውን አልደበቁም፤ ለልጅ ልጅ አስተላለፉት። እኛ የራሳችንን በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥ ካድነው።

ይህን የምቆጣው ያለፈውን ለማንሳት ብቻ አይደለም። ያች «አልሠራም» የምትል ቃል ዛሬም ቤታችን ገብታለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከታኅሣሥ 2016 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 2017 ባሉት ወራት ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቧል። ጎጃምም ወባ ያልነበረበት ቀበሌ ሳይቀር አሳሩን እያየ ነው። አጎበር ግን የዶሮ ቤት ተሸፍኖበት አይቻለሁ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ያኔም ማስክ ብለው ዋሽተውናል» አለኝ ባለቤቱ። ጓዳው ውስጥ ልጁ በወባ ተኝቶ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ኩፍኝ አላስከትብም ያለችውም በዚሁ ነገር ነው። ያኔ ያልተናገርነው እውነት ዛሬ ልጆቻችንን እየጎዳ ነው።

ክልከላ የሚከበረው ከእኛው ሲመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። እድር ቀብር ያልወጣውን ይቀጣል፤ ማንም አያጉረመርምም። እንግዲያው እድር ራሱ በወረርሽኝ ጊዜ ድንኳን እንዴት እንደሚጣል፣ ለቅሶ በየተራ እንዴት እንደሚደረስ፣ ቤቱ ለተዘጋበት ደሀ ከሣጥኑ ምን ያህል እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይጻፍ። በሽታ በሌለበት ቀን፣ አእምሯችን ሳይደነግጥ። ያኔ የሚያየን ፖሊስ አያስፈልገንም።

የእኛ እድር የሚሰበሰበው ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ይህን ሐሳብ ይዤ እቀርባለሁ። የአጎቴንም ነገር እዚያው፣ እሳቸው በዳኝነት ይቀመጡበት በነበረው ቤት እናገራለሁ። በፊት አክስቴን ማስፈቀድ ነበረብኝና ትናንት ሄድሁ። የስልኩን ውጤት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኋቸው። ብዙ ቆዩ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ «አውቄው ነበር» አሉኝ። «በል ንገራቸው። እኔም አብሬህ እመጣለሁ።»