«አንተ፣ ለምን አትነፋም?»

ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ብትስቁብኝም አይከፋኝም።

የተማሪዎች ባንድ አስተምራለሁ። አለቃዬ ልምምድ መሃል ገቡ። እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ። እኔ ሁለተኛ ዓመቶቹን ረጅም ድምፅ እያስያዝኩ ነው። አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ የጎንህን ልጅ እየሰማህ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፦

«መምህር፣ እነዚህ ልጆች ሙዚቃ የሚጀምሩት መቼ ነው?»

ከኋላ አንድ ትሮምቦን ተንፈቅፍቆ ሳቀ። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ዝም አልኩ። ደመወዝተኛ ምን ይላል? ወደ ሙዚቃው ቁራጭ ገባን። ሆርን የሚነፋው ልጅ ረጅም እረፍት አለው፣ 12 ሜዠር (የሙዚቃው ምት የሚከፈልባቸው ክፍሎች)። ጣቱን ጭኑ ላይ እያጠፈ ይቆጥራል። አምና እኮ እረፍት ሲመጣ በመስኮት ወፍ የሚያይ ልጅ ነው! ዘንድሮ ከንፈሩን እያነቃነቀ ይቆጥራል። እኔ በደስታ ልሞት ነው። ሰውየው ቀጥ ብለው ወደ እሱ ሄዱ።

«አንተ፣ ለምን አትነፋም?»

«እየቆጠርኩ ነው ቲቸር።»

«ምን ትቆጥራለህ? ጓደኞችህ እየሠሩ አይደል እንዴ!»

ቁጥሩ ጠፋው። ደንግጦ ነፋ። ቱባው እሱን ሰምቶ ገባ። ከበሮው ቱባውን ሰምቶ ቆመ። ክላርኔቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰውየው ወደ እኔ ዞረው «እንዲህ ነው እንጂ! ሁሉም ይሳተፍ» ብለው ወጡ። እንዲህ ነው እንጂ!!

ለእኚህ ሰው ባንድ ማለት ሁሉም በአንዴ፣ በኃይል፣ እስኪያልቅ መንፋት ነው። እሱማ የአንደኛ ዓመት ሥራ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ዜማ ይነፋል። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን መሸፈኛው ይነሳል። ትራምፔቱ ዜማውን ሲይዝ አንተ ከሥሩ ሌላ ነገር ትጫወታለህ። ምናልባት ሦስት ኖታ ብቻ፣ ግን ብቻህን። ልጆቹ የሚፈሩት ፈጣን ኖታውን አይደለም። ብቻቸውን መሰማቱን ነው።

ስለዚህ ጎበዝ የምለውን ልጅ ሦስተኛ ትራምፔት ላይ፣ ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚይዘው ላይ፣ አስቀመጥኩት። ሌላ ጣጣ መጣ። እናትየው ደወሉ። «ልጄ በትምህርቱ ከክፍሉ አንደኛ ነው። እዚህ በምን ጥፋቱ ሦስተኛ ተደረገ?» እሜቴ፣ ደረጃ አይደለም! ያንን ድምፅ የሚሸከም ጠንካራ ልጅ ካላስቀመጥኩ ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ድምፆች) ባዶ ይሆናል። ደካሞቹን በሙሉ ሦስተኛ ላይ ማጎር ነው ባንድ የሚገድለው። ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ። በመጨረሻ ምን አሉ? «እሺ፣ ሁለተኛ ማድረግ አይቻልም?»

አቦ!

የኪቦርድ አዋቂውን አባት ደግሞ አልነገርኳችሁም። «ድምፃቸውን ለማቃናት ለምን ትቸገራለህ፣ ሁሉም ሲ ኖታን ይንፉ በላቸው።» ሁሉም የተጻፈላቸውን ሲ ቢነፉ ፍሉቱ ሲ፣ ትራምፔቱ ቢ ፍላት፣ አልቶ ሳክሱ ኢ ፍላት፣ ሆርኑ ኤፍ ነው የሚያወጣው። ደግነቱ መሣሪያው ራሱ መለሰልኝ። አንዴ አስነፋኋቸው፣ አባትየው ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። በዓመቱ የረካሁባት ቀን እሷ ናት።

ክላርኔቶቹን ተዉአቸው፣ ያሳዝኑኛል። ከኤ ኖታ ወደ ቢ ሲሻገሩ ከአንድ ጣት ተነስተው በቅጽበት ሁሉንም ቀዳዳ ማለት ይቻላል መድፈን አለባቸው። አንድ ጣት ትንሽ ከሸሸ፣ ሲጢጥ! እንደተረገጠ ድመት። ያቺን መሻገሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀኝ እጅን አስቀድሞ ደፍኖ፣ ደጋግሞ እንጂ በሌላ በምንም አትወጣም። ያ ደግሞ ከውጭ ለሚሰማ ሰው «ሙዚቃ» አይደለም፣ አያችሁ?

አሁን ደግሞ ለዓመቱ መዝጊያ «ትልልቆቹ አምና የተጫወቱትን ይጫወቱ» ተብሎ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ትልልቆቹ እኮ አራተኛ ዓመት ነበሩ! በ6/8 ምት የተጻፈ፣ ትራምፔቱ ሰማይ የሚወጣበት። የኔዎቹ ነጥብ ያለባትን ሩብ ኖታ (በተለመደው አራት ምት አንድ ምት ተኩል የምትቆየውን) ገና ዛሬ ነው አብረው የያዟት። ከንፈር እኮ ጡንቻ ነው፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ አይጠነክርም። ልቀንሰው፣ ቀለል ያለ ልምረጥ ብል «ልጆቹን አትናቃቸው» ተባልኩ። እኔ ናቂ ሆንኩላችሁ።

ይሁን። እንለማመዳለን፣ ምን ይደረጋል። ከበሮው ይሮጣል፣ ትሮምቦኖቹ ይስቃሉ፣ ማስታወቂያውም ተለጥፏል።

ይሄን እየጻፍኩ ትዝ አለኝ፣ የቫልቭ (በጣት የሚጫነው ቁልፍ) ዘይት አልቆብናል። የሁለት ትራምፔት ቫልቭ ተጣብቆ ቆሟል። ስጠይቅ «አምና ገዝተንላችሁ የለም እንዴ?» አሉኝ። አዎ፣ ገዝታችኋል። ዘይት ነው፣ ያልቃል!