ውሻው የሰፈሩ፣ በሩ ግን የባለቤቱ ነው

ጅማ ውስጥ ድመት እንጀራዋን ሠርታ ነው የምትበላው። ከሂርማታ ገበያ ዙሪያ እስከ ቆጪና ጅሬን መውጫ ድረስ ቡና ወይም በቆሎ በጆንያ ያልተከመረበት ግቢ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እህል ካለ ደግሞ አይጥ አለ። አንዲት ጎበዝ ድመት ያለችበት መጋዘን ጆንያው ሳይበሳ ይከርማል፤ ይህን የቡና ነጋዴም የጉልት ቸርቻሪም ያውቃል። ስለዚህ «ድመታችሁን ከውሻ ለማዳን ቤት ዝጉባት» የሚለው ምክር ለእኛ ከተማ ግማሽ መልስ ነው። አይጡ ውጪ እያለ ድመቷ ሶፋ ላይ ብትውል ማንም አይጠቀምም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በሰፈራችን የተፈጠረ ነገር ነው። ጥራጥሬ እየቸረቸሩ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ድመታቸው ከአንድ ግቢ በወጣ ውሻ ተነክሳ ሞተች። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያወራ ሁለት ሐሳብ ተነሣ። አንዱ «የእንስሳ ጠብ ነው፣ ሰው ምን አገባው» የሚል ነው። ሌላው «መርዝ ይጣልና ውሾቹ ይለቁ» የሚል። ሁለቱም ትክክል አይመስሉኝም፤ ሁለተኛው ደግሞ አደገኛ ነው።

እኔም ግቢዬ ውስጥ ውሻ አለኝ፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም አያስረዳኝም። ሌሊት ጅብ ይመጣል፣ ቡና የተሰጣበት ግቢ ሌባ ያያል። ችግሩ አያያዛችን ላይ ነው። ውሻውን ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አስረን እናውለዋለን፣ ሲመሽ ፈተን እንለቀዋለን፣ በሩን ደግሞ ገርበብ አድርገን እንተኛለን። ሙሉ ቀን አንድ ቦታ ሲዞር የዋለ ውሻ መንገድ ላይ ሲወጣ የሚሮጥ ነገር ሁሉ ያባርራል። ድመቷ የምትሞተውም በመሮጧ ነው፤ ጀርባዋን ቆልምማ ብትቆምለት ብዙ ውሻ ያመነታል፣ ዞራ ከሮጠች ግን ማሳደዱ ይቀሰቀስበታል። ለዚህ ውሻውን ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም። በሩን ክፍት የተወው ሰው ግን ጥፋተኛ ነው።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው ድንገት አምልጦ ቢሆን፣ ጉዳቱም ያልታሰበ ቢሆን እንኳን ከኃላፊነት አያመልጥም። «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ያበቃል። በአንዲት ድመት ጎረቤት ፍርድ ቤት ይካሰስ እያልኩ አይደለም፤ በሽማግሌ ያልቃል። ነገር ግን ሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ «ሰው ምን አገባው» የሚል ሰው ሕጉ ከእሱ ጋር እንዳልሆነ ይወቅ።

ወደ መርዙ ልምጣ፤ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። መርዝ የተቀባ ሥጋ መንገድ ላይ ሲጣል ስም አይጻፍበትም። ድመቷ በሌሊት ቀድማ ልታገኘው ትችላለች፤ ልናድናት ያልናትን ራሳችን እንገድላታለን። በማለዳ ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦይ ዳር ይወድቃል። የተመረዘውን ውሻ ሬሳ አሞራ ይበላዋል፣ እሱም ይሞታል። እናም በሞቱት ውሾች ፋንታ ከሌላ ሰፈር አዲስ ውሾች ይገባሉ፤ ሥጋ ቤቱና ቆሻሻ መጣያው እስካለ ድረስ ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርም።

ከሁሉ የከፋው ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ያለው ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶ ያህሉ በውሻ አማካይነት ናቸው፤ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ደግሞ መተላለፉ ይቆማል። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ባለቤቱ ከፍሎ ያስከተበውን ውሻ ገድለን፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ያልተከተበ ውሻ እንዲገባ ቦታ እንለቃለን ማለት ነው። ድመትም ብትሆን በዚህ በሽታ ትያዛለች፣ ለሰውም ታስተላልፋለች። ሦስት ወር የሞላት ድመት መከተብ ትችላለች፤ «ለውሻ ብቻ ነው» የሚባለው ስሕተት ነው።

የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ከቁርኣን ቤት ጀምሮ የሚሰሙት ትምህርት አለ። ድመቷን አስራ፣ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት የገደለች ሴት ተቀጣች። ለተጠማ ውሻ ደግሞ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ የቀዳለት ሰው ምሕረት አገኘ። ሁለቱ እንስሳት በአንድ ትምህርት ውስጥ አሉ። ለድመት ብሎ ውሻን መመረዝ በዚህ ከተማ እምነትም ቦታ የለውም።

ታዲያ ባለድመቱ ምን ያድርግ? አጥሩን ያስተውል። የእንጨት አጥር ለድመት መሰላል ነበር፤ ጥፍሯን ተክላ ሽቅብ ትወጣለች። አሁን ብዙው ግቢ በቆርቆሮ እየታጠረ ነው። ጤነኛ ድመት ከቆመችበት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ትዘላለች፤ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ ላይ ግን ጥፍር የሚይዝ ነገር ስለሌለ ተንሸራታ ትወድቃለች፣ ውሻውም እዚያው ግርጌ ይደርስባታል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ግንድ ከነቅርፊቱ አጥሩ ላይ ዘንበል አድርጎ ማሰር። ቅርፊቱ ከተላጠ ሲባጎ መጠምጠም ወይም አሮጌ ጆንያ በሚስማር መምታት ይበቃል። የቆርቆሮው ጫፍ መዳፏን ስለሚቆርጣት አናቱ ላይ ስንዝር ተኩል የሚሆን ጣውላ ይግጠምላት፤ ትልቅ ውሻ በኋላ እግሩ ቆሞም የማይደርስባት ቁመት ላይ ይሁን። ዋናው ነገር ግንዱ የሚቆምበት ቦታ ነው። ድመት የራሷ መንገድ አላት፤ ጠዋትና ማታ በየት በኩል እንደምትመላለስ አይታችሁ እዚያ አቁሙላት። እኛ ደስ ባለን ጥግ ብናቆመው በጭንቅ ሰዓት አታስታውሰውም።

በላሜራ በር ግርጌ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ማስከፈትም ጥሩ ነው፤ ጠርዙ በሞረድ ይለስልስ። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ያልፋል፣ የጥበቃ ውሻ ደረት ግን አያልፍም። በሁለት በኩል መግቢያ ይኑራት፤ በአንዱ ላይ ውሻ ቢቆም በሌላው ትገባለች። አጥንትና ትርፍራፊ በር ላይ አትጣሉ፤ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ጠርታችሁ ድመቷን መሐል ላይ ማቆም ነው። ሲመሽ፣ ውሾች ከመለቀቃቸው በፊት፣ አብልታችሁ መጋዘን ውስጥ ዝጉባት። አይጡ ሌሊት የሚወጣው እዚያ ነው፤ ሥራዋም አይጓደልም። በክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሚመጣውን ውሻ ኮቴ ስለማትሰማ ያን ጊዜ በቀንም ጥንቃቄ ይጨመር።

ውሻ ድመቷን ከያዛት እጃችሁን መሐል አታስገቡ። ባልዲ ውኃ ድፉበት፣ ድስት አንኳኩ፣ ጋቢ ጣሉበት። ካመለጠች በኋላ «ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ናት» ብላችሁ አትዘናጉ። ውሻ ነክሶ ሲያራግፋት ቆዳዋ ላይ የጥርስ ምልክት ብቻ ይታያል፣ ከሥሩ ግን ጡንቻ ተቀዶ፣ ጎድን ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ወይም ድዷ የነጣ ድመት የምትጠፋ ሰዓት የላትም፤ በካርቶን አድርጋችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። ለሕመሙ ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት፤ ለድመት ገዳይ መርዝ ነው። እናንተን ውሻው ነክሷችሁ ወይም ድመቷ በድንጋጤ ቧጭራችሁ ከሆነ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነገ የሚባል ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ግን የባለድመቱ ድርሻ ነው፤ ከባለድመቱ ይልቅ ባለውሻው ብዙ ይቀረዋል። ሰንሰለቱን ከአንድ ችካል ፈቶ፣ ከጥግ እስከ ጥግ በተወጠረ ሽቦ ላይ እንዲንሸራተት ማድረግ ይችላል፤ ውሻው ግቢውን እየሮጠ ይጠብቃል፣ መንገድ አይወጣም። አዲስ ቡችላ የሚያመጣ ሰው ሦስት ወር ሳይሞላው ከድመት ጋር ያላምደው፤ በዚያ ዕድሜ ድመት አብሮት ያደገ ውሻ ብዙ ጊዜ የቤቱን ድመት እንደ ቤተሰብ ያያል። የጎረቤቷን ግን ላይምር ይችላል፤ ስለዚህ በሩ ይዘጋ።

ጅማ የእንስሳት ሐኪም የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። የዩኒቨርሲቲያችን የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1952 በግብርና ትምህርት ቤትነት የተጀመረ አንጋፋ ተቋም ነው። መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። በዚያን ቀን ተማሪዎቹ ከመምህራኖቻቸው ጋር በየቀበሌው ወጥተው ውሻንም ድመትንም ቢከትቡ፣ ከተማ አስተዳደሩም ቢያግዝ፣ ለመርዝ የሚወጣ ገንዘብ ካለ ለዚህ ይዋል ባይ ነኝ።

ከዚያ በፊት ግን እድሮቻችን በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ አንድ ነጥብ ይያዙልን፦ ማታ ውሻ የሚፈታ ሰው አስቀድሞ የግቢውን በር ይዝጋ፣ ክፍት ትቶ ጉዳት ያደረሰ ደግሞ የሕክምናውን ወይም የእንስሳውን ዋጋ ይክፈል። ሐሳቡን ውሻ ያለን ሰዎች ብናቀርበው ጥሩ ነው፤ በእኛ እድር እኔ አቀርበዋለሁ።