ሪቻርድሰንን ወንበሩ አላስተማረውም

የኢንዲያናፖሊሱ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ኮልትስ እሁድ ኖቬምበር 17፣ 2024 የኒው ዮርኩን ጄትስ በሜዳው 28 ለ27 አሸነፈ። ኳርተርባኩ (ኳስ እየወረወረ ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) አንቶኒ ሪቻርድሰን 30 ኳስ ወርውሮ 20ው ተያዘለት፣ 272 ያርድ። አንድ ታችዳውን (ኳሷን እስከ ሜዳው ጫፍ አድርሶ ማስቆጠር) ወረወረ፣ ሁለት ደግሞ በራሱ እግር አስገባ። ማሸነፊያዋ የመጣችው ሊያልቅ 46 ሰከንድ ሲቀር ነው። ገና ደስታችንን ሳናጣጥም ታዲያ ወሬው ጀመረ። «አያችሁ? ሁለት ሳምንት ወንበር ላይ መቀመጡ ሰው አደረገው!»

ማን ነው ሰው ያደረገው? ወንበሩ?

አሰልጣኝ ሼን ስታይከንም ልጁን ወደ ቦታው ሲመልሰው የተናገረው ከዚህ አይርቅም። በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ዝግጅቱ ተሻሽሏል ነው ያለው። ተንታኞቹ ይህችን ይዘው አሰልጣኙን ጠቢብ አደረጉት። በሁለት ሳምንት ኳርተርባክ የሚያበስል ወንበር ከተገኘማ ለክሊቭላንድም አንድ ይላክላት። እሷ ከማንም በላይ ያስፈልጋታል።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሆነውን ደግሞ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። በልጁ ቦታ ሌላው ኳርተርባክ ጆ ፍላኮ ተሰለፈ፤ 39 ዓመቱ ነበር። ምክንያቱ «አሁን የማሸነፍ ዕድል የሚሰጠን እሱ ነው» የሚል ነበር። እሺ። መጀመሪያ ሚኒሶታ፦ 21 ለ13 ተሸነፉ። አንዷን ታችዳውን ያስገባው ተከላካዩ ኬኒ ሙር ነው፣ የወደቀ ኳስ አንስቶ ሮጦ። ጋሽ ጆ የሚመራው አጥቂ ክፍል ዜሮ ታችዳውን። ቀጥሎ ቡፋሎ፦ የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወረ፣ የቡፋሎው ተከላካይ ታሮን ጆንሰን መሀል ገብቶ ነጠቃት፣ ሮጦ አስገባት። ሰው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል 7 ለ0። በዚያ ጨዋታ ፍላኮ ብቻውን አራት ጊዜ ኳስ አስረከበ። 30 ለ20 አለቀ። 4 አሸንፎ 4 ተሸንፎ የነበረው ቡድን 4 አሸንፎ 6 ተሸናፊ ሆነ። የወንበሩ ትምህርት ክፍያ ይህ ነው፣ ሁለት ጨዋታ።

«ግን እኮ ልጁ ደክሞኛል ብሎ ወጣ!» ይሉኛል። አዎ፣ ወጣ። ሂውስተን ላይ፣ ሦስተኛው ሩብ ውስጥ። ግዙፎቹ የቴክሳንስ ተከላካዮች ሲያባርሩት፣ ሲያስሮጡት ቆይተው ትንፋሽ አጠረውና እጁን ወደ ወንበሩ አሳየ። ለአንዲት የኳስ ሙከራ ያህል ወጣ፣ ተመለሰ። ከጨዋታው በኋላም ሲጠየቅ አልዋሸም፤ ደክሞኝ ነበር አለ። እዚህ ላይ ነው ወንጀሉ። ቁርጭምጭሚቴን አሞኝ ነው ቢል ኖሮ ጀግና ይሉት ነበር። ሃያ ሰው በየአምስት ደቂቃው በሚቀያየርበት ስፖርት፣ የ22 ዓመት ልጅ አንዴ ትንፋሼን ልሰብስብ ስላለ አገር ምድሩ ተናወጠ። መሪ አይደክምም አሉን። ደረታቸውን ነፍተው ይህን የሚናገሩትን አንዳንዶቹን ሳያቸው ደረጃ ሲወጡም የሚያለከልኩ ይመስለኛል። የራሱ ጓደኞችም ወቅሰውታል፣ መብታቸው ነው፣ አብረውት የሚደበደቡት እነሱ ናቸው። የስቱዲዮ ጀግኖቹ ግን ምን አገባቸው?

በዚያ ጨዋታ ከ32 ውርወራ 10 ብቻ መሳካቱ አሳፋሪ ነው፣ አልክድም። እስከዚያ ቀን በውድድር ዓመቱ ከወረወረው 44 በመቶ ብቻ ነበር የሚሳካለት። የሚያስጮህ ቁጥር ነው። እኔም ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኼያለሁ። ግን ይህ ልጅ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በቋሚነት የተሰለፈው 13 ጊዜ ነው። በፕሮፌሽናል ደረጃ ደግሞ ከመቀመጡ በፊት 10 ጊዜ፤ የመጀመሪያ ዓመቱን ትከሻው በልቶበታል። በድምሩ 23 ጨዋታ! ኮልትስ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው በ2023 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) አራተኛ አድርጎ የመረጠው። ያልበሰለ መሆኑን እያወቁ ወስደው ለምን አልበሰለም ብሎ መቆጣት ምን የሚሉት ነው?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የዚህ ቡድን የሽማግሌ ፍቅር ነው። የኮልትሱ ኳርተርባክ አንድሩ ለክ በ2019 ድንገት ጫማውን ከሰቀለ ወዲህ ኢንዲያናፖሊስ ሌላ ቦታ ያረጀ ወይም የተጣለ ኳርተርባክ ትሰበስባለች። በ2020 ፊሊፕ ሪቨርስ መጣ፣ 39 ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ለነገሩ ጥሩ ዓመት ነበር፣ 11 ጨዋታ አሸነፉ። ከዚያ በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ቡፋሎ 27 ለ24 አሰናበታቸው፣ ሰውየውም ደህና ሁኑ ብሎ ሄደ። የቀረ ነገር? ምንም። በ2021 ካርሰን ዌንትዝ። ዕድሜው ገና ነበር፣ ግን ፊላደልፊያ አንስታ የጣለችው ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ጃክሰንቪልን ማሸነፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፣ እስከዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ያሸነፈችውን ጃክሰንቪልን! 26 ለ11 ተሸነፉ። ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ተሸኘ፤ የዲሲና የቨርጂኒያ አበሾች ቀሪውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። (አሁን ወጣቱን ኳርተርባክ ጄደን ዳንኤልስን ይዛችሁ በልጅ መታመን እንዴት እንደሚጣፍጥ እያያችሁ ነው።) በ2022 ማት ራያን፣ 37 ዓመቱ። ሰባት ጨዋታ አጫውተው አስቀመጡት፣ መልሰው አወጡት። ዲሴምበር ላይ ሚኒሶታን እስከ እረፍት 33 ለ0 እየመሩ 39 ለ36 ተሸነፉ። በሊጉ ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ መሪነት ተመርቶ የተሸነፈ ቡድን የለም።

እና አሁን ፍላኮ። ሰውየውን አልጠላውም። በ2013 ኒው ኦርሊንስ ላይ የሊጉን ፍጻሜ ሱፐር ቦውልን ሲወስድ የጨዋታው ኮከብ ነበር። በዚያ የጥሎ ማለፍ ጉዞ 11 ታችዳውን ወርውሮ አንድም ኳስ አልተነጠቀም። በ2024ም ሪቻርድሰን ሲጎዳ ከፒትስበርግ ጋር ሲጫወቱ ገብቶ አድኗቸዋል። ክንዱ እስካሁን ይሠራል። እግሩ ግን የለም፣ መጪው ዓመትም የለውም። ፍላኮን ማሰለፍ የኪራይ ቤትን ግድግዳ ቀለም መቀባት ነው፤ ቢያምርም ያንተ አይደለም። ኮልትስ ከለክ ወዲህ የሰው ግድግዳ ሲቀባ ነው የኖረው።

ከቡፋሎ ጋር ሲጫወቱ ፍላኮ ኳስ ሲያስረክብ ከማዶ የቆመው ማን ነበር? የቡፋሎው ኳርተርባክ ጆሽ አለን። በ2018 የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ 52.8 በመቶ ብቻ ነበር የሚያሳካው፤ 10 ታችዳውን፣ 12 የተነጠቀ ኳስ። ያኔም ይህ ልጅ አይሆንም ያሉ ነበሩ። ቡፋሎ ታገሰች። በሁለት ዓመት 69 በመቶ ገባ። ከአለን ይልቅ የሚቀርበው ማስረጃ ደግሞ እዚያው ኢንዲያናፖሊስ ነው ያለው። የኮልትሱ ኳርተርባክ ፔይተን ማኒንግ በ1998 ጀማሪ ሆኖ 28 ኳስ ተነጠቀ። ሃያ ስምንት! ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። 16ቱንም ጨዋታ አሰለፉት። በቀጣዩ ዓመት 13 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ያን ጊዜ ስታይከን አሰልጣኝ ቢሆን ኖሮ ማኒንግ በአምስተኛው ሳምንት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከአንድ ጡረተኛ «ዝግጅት» ሲማር እናየው ነበር።

«ኳርተርባኩ አሮን ሮጀርስም እኮ ሲጀምር ሦስት ዓመት ከነባሩ ብሬት ፋቭር ጀርባ ተቀምጧል» የሚል አለ። ሮጀርስ ከመጀመሪያው ነው የተቀመጠው፣ ወደ ሜዳ ልከውት፣ አመስግነውት፣ በሰው ፊት ጎትተው አላወጡትም። ደግሞ ሮጀርስን ካነሳችሁ አይቀር፣ እሁድ ማን ተሸነፈ? 41 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት የቀረው ሮጀርስ። ጄትስ በልምድ እናሸንፋለን ብሎ አምጥቶት በዚያ እሁድ 3 አሸንፎ 8 ተሸናፊ ሆነ።

እንግዲህ በቀጣዩ እሁድ፣ ኖቬምበር 24፣ 2024፣ ዲትሮይት ትመጣለች፣ 9 አሸንፋ አንድ ብቻ የተሸነፈች። ልጁ ምናልባት ይንገዳገዳል። ኳስ ከተቀባይ ጭንቅላት በላይ ይልካል፣ አንድ ሁለቱን ያስነጥቃል። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ፍላኮን አምጡ ይላል፣ አልጠራጠርም። ስታይከን ሪቻርድሰን የ2024ን ቀሪ የውድድር ዓመት ይጫወታል ብሏል። ስለ ፍላኮም በኦክቶበር ተመሳሳይ ነገር ብሎ ነበር፤ ሁለት ጨዋታ ነው የቆየው።