ቆጠራውን ወደ ላይብረሪ መልሱት

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዘን ተቀምጠን ነበር። አብሮኝ የነበረው ወጣት መምህር ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪውን ከያዘ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ስልኩን አወጣና የምርምር ጽሑፎች የሚፈለጉበትን ጉግል ስኮላርን ከፍቶ «ጋሼ፣ 14 ደረስኩ» አለኝ። ጽሑፉ 14 ጊዜ ተጠቅሷል ማለቱ ነው። ደስ አለኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን አንድ ጥያቄ አመለጠኝ። «የጠቀሱህ እነማን ናቸው?»

ዝም አለ። ከፍቶ አይቷቸው አያውቅም።

ቡናው ሳይቀዘቅዝ አንድ በአንድ ከፈትናቸው። ሦስቱ ላይ የጠቀሰው ራሱን ነው። አንደኛው የማስተርስ ተማሪ ሥራ ነው፤ ልጁ በደንብ አንብቦታል፣ ናሙናው አነሰ ብሎም ተችቶታል። ብዙዎቹ ደግሞ «በዚህ ጉዳይ ላይ በርካታ ጥናቶች ተደርገዋል» ከሚል ዓረፍተ ነገር ኋላ ከሌሎች ስሞች ጋር ደርድረውታል። አንዱ ጭራሽ ወዳጄ ያላለውን «ብሏል» ይላል። ቁጥሩ ላይ ግን ሁሉም እኩል ናቸው። የተቸውም አንድ፣ ያመሰገነውም አንድ፣ ሳያነብ የደረደረውም አንድ።

ሳይቴሽን እንግዲህ ይኸው ነው። አንድ ጸሐፊ «ይህን ያገኘሁት ከእገሌ ነው» ብሎ የሚተወው ምልክት። ምልክቱን መቁጠር ቀላል ነው። ለምን እንደተተወ ለማወቅ ግን ማንበብ የግድ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መቁጠሩን አልጠላም። የሚያናድደኝ ቆጠራውን ሰው ትከሻ ላይ ጭነን፣ በእውነት ሊጠቅመን የሚችልበትን ቦታ መርሳታችን ነው። ያ ቦታ ላይብረሪ ነው። ነገሩ የተጀመረውም እዚያው ነበር።

ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1927 ግሮስ እና ግሮስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሞና የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነበሩ። ጥያቄያቸው ኪሱ የሳሳ ሰው ጥያቄ ነው፤ ያለችን ገንዘብ ትንሽ ናት፣ ለኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን የትኞቹን ጆርናሎች (የምርምር መጽሔቶች) እንግዛ? በግምት አልሄዱም። የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ጆርናልን የ1926 ጥራዝ ወሰዱና በውስጡ የተጠቀሱትን ዋቢዎች ቆጠሩ። ከ3,600 በላይ ሆኑ። ብዙ የተጠቀሰው ጆርናል ቀድሞ ይገዛ አሉ። ቆጠራው ሌላም ነገር አሳያቸው። ከተጠቀሱት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት በጀርመንኛ የሚታተሙ ነበሩ። እንግዲያው ኬሚስትሪ የሚማር ልጅ ጀርመንኛም ማንበብ አለበት ብለው ደመደሙ።

ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ማንንም ለመሾም ወይም ለመሻር የተደረገ አይደለም። መደርደሪያ ላይ ምን እናስቀምጥ ብለው ነው የቆጠሩት።

ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1934፣ ለንደን የሳይንስ ሙዚየም ላይብረሪ ይሠራ የነበረው ሳሙኤል ብራድፎርድ ሌላ ነገር አስተዋለ። በአንድ ጉዳይ ላይ የሚወጡ ጽሑፎች በየጆርናሉ እኩል አይበተኑም። ጥቂት ጆርናሎች ብዙውን ጠቅልለው ይይዛሉ፣ የቀረው እየሳሳ በብዙ ቦታ ይዘራል። ለገዢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋናዎቹን ግዛ፣ ሌላውን ሲያስፈልግ ተዋስ ማለት ነው።

ቀጥሎ ዩጂን ጋርፊልድ መጣ። በ1955 ሐሳቡን ጻፈ፣ በ1964 የትኛው ጽሑፍ በየትኛው እንደተጠቀሰ የሚያሳየውን መዝገብ፣ የሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስን፣ ለገበያ አቀረበ። ሐሳቡን ያገኘው ከጠበቆች ነው። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ኋላ በየትኛው ውሳኔ እንደተጠቀሰ የሚከታተሉበት መዝገብ ከድሮም ነበራቸው። ኢምፓክት ፋክተር የሚባለው የጆርናል መለኪያም ከዚሁ ከጋርፊልድ ቤት የወጣ ነው። ስሌቱ የሱቅ ሂሳብ ነው። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት 100 ጽሑፍ አወጣ እንበል። እነዚያ ጽሑፎች ዘንድሮ 200 ጊዜ ተጠቀሱ። 200 ለ100 ሲካፈል 2። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። የመጀመሪያ ሥራው ኢንዴክሱ ውስጥ የትኛው ጆርናል ይግባ የሚለውን ለመምረጥ ነበር።

አማካይ መሆኑን ልብ በሉ። ከ200ው አብዛኛውን ሁለት ሦስት ጽሑፍ ብቻ ሊያመጣው ይችላል። ብዙዎቹ አንዴም ላይጠቀሱ ይችላሉ። ሆኖም ሁሉም በዚያው 2 ይጠራሉ።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የማዕረግ እድገት የሚያይ ኮሚቴ ላይ ተቀምጬ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። የአንድ መምህር ሦስት ጽሑፎች ቀረቡ። ጆርናሉ ኢንዴክስ ውስጥ አለ የለም፣ ኢምፓክት ፋክተሩ ስንት ነው እያልን ተከራከርን። ግማሽ ቀን ሄደ። ከመካከላችን ጽሑፎቹን የከፈተ ሰው አልነበረም። ከእነሱ ጋር ራሴንም ነው የምወቅሰው፣ እኔም አልከፈትኩም። ከኢምፓክት ፋክተር ሌላ ኤች ኢንዴክስ የሚባልም አለ። የፊዚክስ ሰው የሆነው ሆርጌ ሂርሽ በ2005 ያመጣው ነው። የአንድ ሰው ኤች ኢንዴክስ 5 ነው ማለት ቢያንስ አምስት አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሽማግሌ ከወጣት፣ ሕክምና ከታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ዘመኑም የሙያው ልማድም ቁጥሩ ውስጥ ገብቷል። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ አርታኢዎችና አሳታሚዎች የጆርናልን ኢምፓክት ፋክተር ተመራማሪ ለመቅጠርና ለማሳደግ አትጠቀሙበት የሚል መግለጫ አዘጋጅተው ነበር። የእኛ ኮሚቴ ያንን መግለጫ ሰምቶ የሚያውቅም አልመሰለኝም።

ጅማ ሆነን ይህን መሳታችን ይገርመኛል። ቡና ሲመረመር ጥሬው ይታያል። የተሰበረው፣ የጠቆረው፣ ነቀዝ የበላው ፍሬ ይለቀማል፣ ይቆጠራል። እዚያ ላይ ግን አያበቃም። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ይቀመሳል። ከ100ው ነጥብ 40ው የጥሬው፣ 60ው የቅምሻው ነው። ቆጥሮ ብቻ ደረጃ የሚሰጥ ቡና መርማሪ ቢኖር ነጋዴው አያናግረውም ነበር። ኮሚቴያችን ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ሳይቀምስ ደረጃ መስጠት።

የእኛ ሰው ደግሞ ከሌላው የባሰ ችግር አለበት። ስማችን። እኛ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ነው። የፈረንጁ ሥርዓት ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። አበበ ከበደ አንዱ ጋ «ከበደ፣ አ.» ይባላል፣ ሌላው ጋ «አበበ፣ ከ.» ይሆናል። አንድ ሰው ለሁለት ይከፈላል፣ ሳይቴሽኑም አብሮ ይከፈላል። ልጅ ጽፎ አባት ይጠቀሳል። በ«ከበደ፣ አ.» ስር ደግሞ አስቴር ከበደም፣ አለሙ ከበደም አሉ። ከ2012 ወዲህ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር በነጻ ይሰጣል። ያን ቀን ወዳጄን እዚያው ስልኩ ላይ አስመዘገብኩት። በአባቱ ስም ተደብቀው የነበሩ ሁለት ሳይቴሽኖችም ተገኙ፣ ስለዚህ 14ቱ 16 ሆኑ። ስህተቱ ለእሱ ሲያደላ ግን ማንም አይፈልገውም!

ከስሙም የከበደው ሥራው ራሱ የማይቆጠር ሲሆን ነው። የቡና ፍሬን የሚያመክነው በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው በ1971 ነው። ከከተማችን ወጣ ብሎ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚያ ዘመን በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች መርጦ አወጣ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ከእነዚያ ናቸው። ዛሬ ውጭ አገር ያሉ ቡና ቆዪዎች እነዚህን ቁጥሮች ከረጢታቸው ላይ ያትማሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ግን መጀመሪያ የሚጻፈው በማዕከል ሪፖርትና በአገር ውስጥ ጉባኤ ጥራዝ ነው። ትልልቆቹ ኢንዴክሶች እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ አያዩም። ገበሬው ማሳ ላይ የበቀለው ምርምር በእነሱ ሚዛን ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ላይብረሪው ጋ ቆጠራው ምን ይሠራል?

ከአንድ ትምህርት ክፍል የመጨረሻዎቹን 50 የማስተርስ ቴሲሶች (የመመረቂያ ጽሑፎች) ውሰዱ። እያንዳንዱ 60 ዋቢ ቢኖረው 3,000 ይሆናል። ግሮስና ግሮስ ከቆጠሩት ያንሳል፣ ያውም እነሱ ኮምፒውተር አልነበራቸውም። አንድ የላይብረሪ ባለሙያና ሁለት ተማሪዎች ክረምቱን ቢሠሩበት ይጨርሱታል። ኤክሴል ላይ ጥቂት ዓምድ ይበቃል። መጽሐፍ ነው፣ ጆርናል ነው፣ ሪፖርት ነው ወይስ ድረ ገጽ? መቼ ታተመ? በምን ቋንቋ? ዋናው ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ እኛ ጋ አለ ወይስ የለም?

የመጨረሻዋ ዓምድ ብቻዋን ብዙ ትናገራለች። ተማሪዎች ደጋግመው የጠቀሱት፣ እኛ ጋ ግን የሌለው ነገር ካለ፣ የግዥ ዝርዝሩ ተጻፈ ማለት ነው። በተቃራኒው መደርደሪያ ሞልቶ አንዴም ያልተጠቀሰ ነገር ሊኖር ይችላል። በእርዳታ በካርቶን መጥቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከዚያ ወዲህ ያልተገለጠ መጽሐፍ ያላየ የላይብረሪ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ሌላ ጥቅም አለ። ለጤና ትምህርት ሂናሪ የሚባለው አቅርቦት ከ2002 ጀምሮ፣ ለግብርና ደግሞ አጎራ ከ2003 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ለእንደኛ ዓይነት አገር ተቋማት ክፍት አድርገዋል። ብዙ የተጠቀሱት ጆርናሎች እዚያ ውስጥ ካሉ፣ ለእነሱ የውጭ ምንዛሪ ማባከን ለምን? ገንዘቡ ለመጽሐፍ ይሂድ፣ ለኢንተርኔቱ ይሂድ፣ ተማሪው እንዴት ገብቶ እንደሚፈልግ ለማሰልጠን ይሂድ። ከዚሁ ከጅማ የሚወጣው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናልም በነጻ ይነበባል። የእኛ ተማሪዎች የገዛ ከተማቸውን ጆርናል ምን ያህል እንደሚጠቅሱ ማወቅ አያጓጓም?

የዓመቱ ዓምድ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ሙያ የሚጠቅሳቸው ሥራዎች ግማሾቹ ከስንት ዓመት ወዲህ የታተሙ እንደሆኑ ማስላት ይቻላል፣ «ግማሽ ዕድሜ» ይሉታል። ለሕክምና አጭር ነው። የዛሬ 20 ዓመቱ የመድኃኒት መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ባይኖር ይሻላል፣ ሰውም ይጎዳል። ይህንኑ መቀስ ለሁሉም ከሰጣችሁት ግን ጉድ ይፈላል። በ1964 እና 65 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መጥቶ የዱር ቡና ሰበሰበ፣ ሪፖርቱ በ1968 ወጣ። ከዚያ ወዲህ የተመነጠረው ደን ውስጥ የነበረውን ቡና ዛሬ ሄዶ ማየት አይቻልም። «ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ይወገድ» የሚል መመሪያ ይዛችሁ ጅማ ላይ እንዲህ ያለውን ሪፖርት ብትጥሉ የቡና ተመራማሪው ምን እንደሚላችሁ መገመት ነው።

ቆጠራው የማያየውም አለ። የመጀመሪያው፣ ተማሪ የሚጠቅሰው ያገኘውን ነው። ላይብረሪው ውስጥ የሌለ መጽሐፍ ዋቢ ውስጥም አይገባም፣ ስለዚህ ያልተጠቀሰ ሁሉ ያልተፈለገ አይደለም። ሁለተኛው፣ ተማሪ ከሌላ ሰው ዋቢ ይገለብጣል። የገጽ ቁጥሩ ተሳስቶ በአምስት ቴሲስ ውስጥ ያው ስህተት ካገኛችሁ፣ መጽሐፉን ያየው ቢበዛ አንዱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአንደኛ ዓመት ልጅ ነው። የአናቶሚው መጽሐፍ ጀርባው ተገንጥሎ፣ በፕላስተር ተይዞ፣ ወረፋ ይጠበቅበታል። ማንም ግን ጽሑፉ ውስጥ አይጠቅሰውም። ስለዚህ ከኤክሴሉ ጎን የውሰት መዝገቡ ይታይ። መስኮቱ ላይ ደግሞ አንድ ደብተር ይቀመጥ፣ ተማሪ ጠይቆ ያጣውን የሚጽፍበት። ባለ 50 ሉክ ደብተር ጨረታ አያስወጣም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ስለፈልፍ ቡናው ሦስተኛ ሆነ። የትምህርት ክፍላቸው ቴሲሶች የት እንዳሉ ጠየቅኩት። አንድ ክፍል ውስጥ በካርቶን ተቆልለዋል አለኝ፣ ቁልፉ ያለው ፀሐፊዋ ጋ ነው። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያዎቹን 20 አብረን ልንቆጥር ተስማማን። ያላለውን «ብሏል» ላለው ሰውዬም ኢሜይል ጽፏል። ሂሳቡን እሱ ከፈለ፣ 16 ስለደረሰ።