የጎረቤቴ አካፋ

ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት ጎረቤቴ በረዶውን ጠርጎ ጨርሷል። የራሱን ማለቴ ነው። የኔና የሱ ቤት በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ ዋሽንግተን ዲሲ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። ከፊታችን ያለው የእግረኛ መንገድም አንድ ነው። ሰውዬው ከወዲያኛው ጫፍ ተነሣ፣ እየጠረገ መጣ፣ መጣ፣ መጣና ልክ የኔ ግድግዳ የሚጀምርበት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። በክር የተለካ ነው የሚመስለው። ወዲያ ማዶ ደረቅ ሲሚንቶ፣ ወዲህ ማዶ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ በረዶ።

ሁለት አካፋ ቢጨምር ምን ነበረበት? ሁለት!

ሕጉ ከሱ ጋር ነው፣ አውቃለሁ። ከተማው የሚጠርገው የመኪናውን መንገድ ነው። የእግረኛውን የሚጠርገው ባለቤቱ ነው። በረዶው ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 8 የቀን ብርሃን ሰዓቶች ውስጥ ካልጠረግህ 25 ዶላር ትቀጣለህ። ንግድ ቤት ከሆንክ 150። ዕድሜው 65 የሞላ ሰውና አካል ጉዳተኛ ከቅጣቱ ነፃ ናቸው።

ይህቺ 65 የምትባል ቁጥር አንድ የማከብራቸውን ጋሼ ጉድ ሠርታቸዋለች። እሳቸው የታኅሣሥ ግርግርን ያስታውሳሉ። በ1953 ዓ.ም. ተኩሱን ሰምተው አልጋ ሥር እንደተደበቁ በየሰርጉም በየለቅሶውም ነግረውናል። በፓስፖርታቸው ግን ገና 61 ናቸው። የልደት ቀናቸውም እንደ አብዛኞቻችን ጃንዋሪ 1 ነው። ያኔ ሥራ እንዳይከለክሉኝ ብለው ያስቀነሱት ዕድሜ አሁን አካፋ አስይዟቸዋል። «ልጄ፣ መንግሥት እንደሚያውቀኝ ከሆነ ጎረምሳ ነኝ» ይላሉ ወገባቸውን ይዘው። ይህን ብለው ስልኩን ዝም ያሰኙታል። የዚህ ዝምታ ትርጉም «መቼ ትመጣለህ?» ነው። ስድስት ክረምት ጠርጌላቸዋለሁ። ስድስት! ያስቀነሱትን ዕድሜ እኔ እየከፈልኩ ነው።

ይህን ይዤ በር ላይ ቆሜ ስብሰለሰል የከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና መጣ። ከፊቱ በረዶውን ይገፋል፣ ከኋላው ጨው ይዘራል። የገፋውንም ሁሉ ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆፍሬ ያወጣኋት መኪናዬ ላይ ከመረው። ሾፌሩ እጁን አውለበለበልኝ። እኔም ሳላስበው አውለበለብኩለት።

ከዚያ ዓይኔ ጨዉ ላይ ቀረ። አያቴ «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ማለት ትወድ ነበር። ማርፈድ፣ ትምህርት መስነፍ፣ ወተት መድፋት፣ ለሁሉም መልሷ ይኸው ነበር። እኔም እወደዋለሁ። እዚህ አገር ግን ጨው ጣፈጠም አልጣፈጠም ይወረወራል። በመኪና ተጭኖ ይወረወራል።

እኛ ዘንድ እኮ ጨው ገንዘብ ነበር። አሞሌ ከአፋር ቆላ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ከጨዉ ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይከብዳል። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ገበያ ሲገዛበት ኖሯል። ቅድመ አያቴ ይህን መኪና ቢያይ የመንግሥት ግምጃ ቤት ተቀደደ ብሎ አቁማዳውን ይዞ ከኋላው ይሮጥ ነበር።

ጨው ብቻ ቢሆን ደግሞ በተሻለ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጨው ይለግማል። ስለዚህ ዲሲ ውስጥ መንገድ ላይ የሚረጩት የጨው ውሃ ላይ የቀይ ሥር ጭማቂ ይጨምሩበታል። ቅዝቃዜውን ይረዳል፣ ጨዉንም ከአስፋልቱ ጋር ያጣብቀዋል። በእርግጥ ስኳር የሚወጣበት ዓይነት ነው እንጂ በያይነቱ ላይ የምናውቀው ቀይ ሥር አይደለም። ቢሆንም መንገዱ ጾም የያዘ ይመስላል። ድንችና ካሮት ብቻ ነው የቀረው።

ከተማዋ በረዶ ብትፈራ አይፈረድባትም። በጃንዋሪ 1987 ከንቲባ ማሪዮን ባሪ ሱፐር ቦውል የሚባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ዋንጫ ጨዋታ ሊያዩ ካሊፎርኒያ ሄደው ሳለ ዲሲ በበረዶ ተቀበረች። ለዓመታት ሲነሣባቸው ኖሯል። ቺካጎማ ባሰ። የ1979ኙ በረዶ በወጉ አልተጠረገም ብሎ ሕዝቡ ተቀየመና ከንቲባ ማይክል ቢላንዲክ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በፓርቲያቸው ምርጫ በጄን ባይርን ተሸነፉ። በአካፋ ከሥልጣን መውረድ ይሏል ይሄ ነው።

እኔ ራሴ የማልረሳው ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2016ን ነው። በኛ ጥር 11፣ ጥምቀት። ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። የወረደው በረዶ አንድ ኢንች ገደማ ነው፤ አንድ! መንገዱ ግን ቀድሞ ጨው አልተረጨበትም። ከተማው ሁሉ መስተዋት ሆነ። መኪናው ታቦት የሚያጅብ ይመስል በእግር ፍጥነት ይሄዳል፤ እልልታ የለም፣ ክላክስ ብቻ። ፕሬዚዳንት ኦባማም ከአንድሩስ አየር ኃይል ጣቢያ ዋይት ሐውስ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። በ2009 የልጆቻቸው ትምህርት ቤት በበረዶ ተዘጋ ብለው በዲሲ ሰው ፍርሃት ያሾፉት እኚሁ ሰው ናቸው። በማግስቱ ከንቲባ ሙሪኤል ባውዘር ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ግን የያዝኩት ተሳፋሪ ግማሽ መንገድ ላይ ወርዶ በእግሩ ሄደ። ሒሳቡንም አልከፈለ። ከሱ ይቅርታ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

ከምሬ የሚያናድደኝ ግን ማዕዘኑ ነው። የመኪናው መንገድ ከተማው አለው። የእግረኛው ባለቤት አለው። ማዕዘኑ ላይ፣ ሰው የሚሻገርበት ጋ፣ መኪናው የገፋው በረዶ ተራራ ሆኖ ይቀመጣል፤ የኔ ነው የሚል የለም። ሲነጋጋ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ የምትመጣ አንዲት የአገሬ ሴት ሁልጊዜ አያለሁ። ያንን ክምር በጉልበቷ መውጣት አቅቷት መኪና መሐል ትገባለች። እንግዲህ ይህን ለማን ይከሷል? የማንን በር ያንኳኳሉ?

«አንተ፣ ከአካፋው ጋር ነው የምታወራው?» አለች ባለቤቴ በመስኮት። «ስምንት ሰዓትህ እየሄደ ነው።»

ለካ የራሴን አልጠረግኩም። ጎረቤቴንም ረስቼዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ጀመርኩ። ግማሽ ስደርስ ስልኬ ጠራ፤ ጋሼ ናቸው። አላነሣሁም። ልክ ድንበሩ ላይ ስደርስ ጎረቤቴ የጨው ባልዲ ይዞ ወጣ። ከወዲያኛው ጫፍ እየበተነ መጣ፣ መጣና ግድግዳው ጋ ቆመ።

«ጨው ትፈልጋለህ?» አለኝ።

«አለኝ» አልኩት። የለኝም።

ገብቼ ከጓዳ የወጥ ጨዋችንን ይዤ ስወጣ ባለቤቴ በር ላይ ያዘችኝ።

«መልስ እሱን፤ ሽሮ ጥጃለሁ።»